አንድ ብርጭቆ አቼቶ

አናጺው የፖም አቼቶውን በማርና በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ብርጭቆውን እንደ ልማዱ ወደ ሚስቱ ዘረጋው። አረቄ ከተወ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እሷ አሽትታ ካልመለሰችለት አንድ ጉንጭ አይቀምስም ነበር። "እንደ ሌባ ትፈትሺኛለሽ!" እያለ ስንት ቀን ተነጫንጯል። አቼቶውን ግን ወዶታል፤ ኮምጠጥ ብሎ ጉሮሮውን ሲኮረኩረው የቀኑ ድካም ይለቀዋል።

ዛሬ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ሚስቱ ሻንጣዋን አንጠልጥላ በአጠገቡ አለፈች።

"አሽትቺው እንጂ፤ ምን ሆነሻል?"

"በሽተኛ ጥላ ሄደች እንዳልባል ነው የቆየሁት" አለችው፣ ነጠላ ጫማዋን በውጪ ጫማ እየቀየረች። "አሁንማ ድነሃል።"

በሩ ሲዘጋ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ራሱ አሸተተው። ፖም ፖም ይላል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ማን ይመስክርለት?