የሼህ ሐምዳን መዳፍ

ነጅሚያ የገበሬዎችን ምስር የሚያገበያየው ድርጅቷ የላከላትን ከሥራ የስንብት መልእክት አንብባ ሳትጨርስ አለቃዋ ከአዲስ አበባ ደወለ። ጋሸና ከተማ፣ አንድ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ሼህ ሐምዳንና ሌሎች ገበሬዎች ከበዋት ተቀምጠው ነበር። እስቲ እሱ ራሱ ይንገራቸው ብላ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«የውጭ ገዢዎች ምስራቸውን ብሎክቼይን በሚባለው የኢንተርኔት መዝገብ አይተው በቀጥታ የሚገዙበት አገልግሎት በቅርቡ ይጀመራል» አለ አለቃዋ። «እስከዚያ ገበሬዎቹን አረጋጊልን።»

በእሷ ቃል ተማምነው ምስራቸውን ሳይሸጡ ያቆዩት ሼህ ሐምዳን ፊታቸው ፈካ። መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «አላህ ሥራችሁን ያቅናላችሁ» ሲሉ መረቁ። ሁሉም «አሚን» አለ፤ ነጅሚያ ብቻ እጇን ጨበጠች።

«አሚን በይ እንጂ ልጄ!» አሏት ሼህ ሐምዳን።

«አልልም! አገልግሎቱን የሚሠሩትን በሙሉ ዛሬ አባረዋቸዋል፤ እኔንም አባረውኛል። ነቀዝ ሳይጨርሰው ምስርዎን ይሽጡት!»

«ነጅሚያ፣ ላውዱን አጥፊው!» ብሎ አለቃዋ ጮኸ። አላጠፋችውም።

ሼህ ሐምዳን ስልኩን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ እንደተዘረጉ የቀሩትን መዳፎቻቸውን፣ ለእርግማን እንደሚደረገው፣ ቀስ ብለው ወደ መሬት ገለበጧቸው። ገና አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ከሁሉም ቀድማ ነጅሚያ «አሚን!» አለች።