የጥምቀት ሎሚ

ምንተስኖት የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ ሆኖ የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ትከሻው ሲጎዳ፣ ክለቡ በውሉ መሠረት የመወርወር ችሎታውን ከክንዱ አስወጥቶ ለተተኪው ሰጠበት። እሱም ሚስቱ ሶስናም የተወሰደው የኳሱ ብቻ መስሏቸው ነበር።

ለጥምቀት እንደ ልማዱ ሎሚ ገዛ። ሶስናን የመረጣት በሎሚ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት ደረቷን ስቶ አያውቅም።

«ቀስ በል እሺ! አምና አበልዘኸኛል» አለችው ራቅ ብላ ቆማ፣ እየሳቀች።

ወረወረ። ሎሚው እግሩ ሥር ወደቀ። አንሥቶ ደገመ፤ አሁንም እዚያው ወደቀ። ለሦስተኛ ውርወራ ሊያነሣው ሲጎነበስ ሶስና ሮጣ መጥታ ቀደመችው።

ሎሚውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ «ዘንድሮም አበለዝከኝ» አለችው።