ሰፋ ያለ ታፔላ

ጦርነቱ ካበቃ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ርዕሰ መምህሩ አምስተኛውን የእርዳታ ቡድን በተቃጠለው ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆሞ ተቀበለ። ካለፉት አራቱ ተመልሶ የመጣ የለም። ስንት ክፍል እንደነደደ፣ ስንት ወንበር እንደተዘረፈ፣ ሳይጠይቁት በደከመ ድምፅ ነገራቸው።

"ጥናቱ ሲያልቅ ግንባታው ይጀመራል" አለችው አስተባባሪዋ።

"እግዜር ይስጥልኝ። ታፔላውስ መቼ ይተከላል?"

"እሱ እንኳ በዚህ ሳምንት ይደርሳል።"

"የሸራ ነው የቆርቆሮ?"

ሳቀች። "ምነው መምህር፣ ከሕንፃው ታፔላው በለጠብዎት?"

"የቆርቆሮ ይሁንልኝ፣ እህቴ። ደግሞ ሰፋ ይበል፤ የድርጅታችሁ ስም ከሩቅ እንዲነበብ።"

ነገሩ ደስ አሰኛት። "ሁለት ሜትር በሦስት" ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።

እሱም ከኮረብታው ጀርባ፣ ወላጆች በጭቃ ወደሠሩት ክፍል ወረደ። እስኪደርስ ዝናቡ ጀመረ። የአንደኛ ክፍል ልጆች ደብተራቸውን ጉያቸው ውስጥ ሸጉጠው አንድ ጥግ ላይ ተፋፍገዋል። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። የአራቱ ድርጅቶች ታፔላ፣ ስምና ዓርማቸው ወደ ታች ዞሮ፣ ጎን ለጎን በምስማር ተመቷል። ውሃው የሚወርደው ገና ባልተከደነው በኩል ነው።

"እስከ ሰኞ ታገሡ፣ ልጆቼ" አላቸው። "ሁለት በሦስት ነው።"