የቡርጎኙ ጠርሙስ ሲከፈት

ሽማግሌው ቡሹን ቀስ አድርጎ ሲስብ ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይህን ያረጀ የፈረንሳይ ቡርጎኝ ወይን ጠጅ ፍለጋ ብርቅ ወይን ሰብሳቢዎች ደጁን ጠንተዋል፤ እሱ ግን ለልጁ ሠርግ እንኳ አልከፈተውም።

"ያ በሽታ ማሽተት ከነሳህ በኋላ ነው እንዴ የምትከፍተው?"

"አንቺ አለሽልኝ አይደል? አሽትተሽ ንገሪኝ።"

ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። የከሰዓት ፀሐይ በቀዩ ወይን ውስጥ አልፋ ጉንጯ ላይ ዋኘች። "እርጥብ አፈር..." አለች ዓይኗን ጨፍና። "ከዚያ እንጆሪ። ከዚያ ደግሞ... ያቺ መጀመሪያ የተከራየናት ክፍል፤ ዝናብ ገብቶባት ፍራሹን ፀሐይ ላይ ያሰጣንበት ቀን።"

እሱም ጨፈነ፤ የፍራሹ ሙቀት ጀርባው ላይ መጣ። የራሱን ብርጭቆ ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

"የኔንም ጠጪልኝ፤ ብቻ ወሬሽን እንዳታቋርጪ።"