በሞቴ

ታፈሰ የልቡን መድኃኒት ተከለከለ፤ እህቱ ማር ስላጎረሰችው።

ስኳር በሽታው ልቡን አድክሞታል። ደረቱ ውስጥ የተቀበረች ትንሽ መሣሪያ መድኃኒት እያንጠባጠበችለት ነው የሚኖረው። እጁ ላይ ያለው አምባር ደሙን ያነባል፤ ስኳሩ ከፍ ካለ መሣሪያዋ ትዘጋለች። ራሱን ላልጠበቀ ሰው መድኃኒት አይባክንም፤ ሕጉ ነው።

አምባሩ ቀይ ሲበራ ሚስቱ ሙላቷ ከማዕዱ ተነሳች።

«እትዬ ብርቄ፣ አይበላም አላልኩዎትም?»

«አንዲት ጉርሻ እኮ ናት! ወንድሜን ላላጎርሰው ነው?»

«ተይ ሙሌ፣» አለ ታፈሰ፣ ትንፋሽ እያጠረው። «በሞቴ ስትለኝ ምን ላድርግ?»

«እሳቸው በሞቴ ይላሉ፣ የምትሞተው አንተ!»

ሙላቷ ሐኪም ቤት ደወለች። የማሽን ድምፅ መለሰላት።

«አምባሩ ጤናማ ደም ሲያነብ መሣሪያው ይከፈታል።»

«እስከዚያ ልቡ ቢቆምስ?»

«ስለደወሉ እናመሰግናለን።»

ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረችው። የታፈሰ ከንፈር ጠቁሯል። እትዬ ብርቄ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ዳቦ በማር አጥቅሳ ወደ ሙላቷ ዘረጋች።

«በይ አንቺም ጉረሺልኝ። ቂም አትያዢብኝ፣ በሞቴ።»

ሙላቷ ስኳር የለባትም። ማር ደግሞ ነፍሷ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ያለሱ ዳቦ አትቀምስም።

አምባሩን ከባሏ እጅ ፈትታ የራሷ እጅ ላይ አሰረች። አረንጓዴ እስኪበራ ጠበቀች። ከዚያ የእትዬ ብርቄን እጅ ከነማሩ መለሰችው።