በሃልቨርሰን ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወታደር

ቬርና በዚያ ጠዋት ተናዳ ነቃች። እርግጥ ተናዳ ያልነቃችበትን ጠዋት ኦርዴል ከተማ ውስጥ የሚያስታውስ የለም። አንድ ልጇ ዴል ሩቅ በረሃ ለጦርነት ሄዶ ከሞተ ወዲህ፣ ከሚስማርና ቀለም መሸጫው ሱቅ በላይ ሁለት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። የጦርነቱን ትእዛዝ የፈረመው ሃልቨርሰን ደግሞ እዚያው ከተማ ጉብታው ላይ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ በቆሎው ሲያድግ ያያል። ይሄ አያናድድም?

በእኛ አገር ፕሬዝዳንት ሥልጣን ቢለቅም እስኪሞት ድረስ ፕሬዝዳንት ነው። ሃልቨርሰንን ፓስተሩም ፀጉር አስተካካዩም «ክቡር ፕሬዝዳንት» እያሉ ነው የሚያነጋግሩት። ፊት ለፊት «አንተ» የምትለው ቬርና ብቻ ናት። ይሄ ድፍረቷ ብዙ ሰው ያበግናል።

ኮርቢት የሚባል የመንግሥት ጠባቂ ከሥሯ አይጠፋም። ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ይከተላታል፤ ቤተ ክርስቲያን ከኋላዋ ይቀመጣል፤ የዴል መቃብር ጋ ስትሄድ ራቅ ብሎ ይቆማል።

«ሌላ ሥራ የለህም አንተ?» ትለዋለች።

«ሥራዬ እርስዎ ነዎት እኮ፣ እትዬ» ይላታል፣ የዳቦ ከረጢቷን እየተቀበላት።

«መጠበቁ ጥሩ ነው» ይላል ፀጉር አስተካካዩ። «ይቺ ሴትዮ አንድ ቀን ጉድ ታፈላለች።»

የዚያን ጠዋት ንዴቷ ግን የተለየ ነበር። የሃልቨርሰን ቤት ቅዳሜ ሙዚየም ሆኖ ሊከፈት ነው። መግቢያው ላይ የዴል ፎቶ በትልቁ መሰቀሉን ሰማች። ከፎቶው ሥር ኩባያና ቲሸርት ሊሸጥ ተደርድሯል። እየሮጠች ነው ጉብታውን የወጣችው።

«አውርጂው!» አለቻት የሙዚየሙን ኃላፊ ወይዘሪት ፕሩዊትን።

«ይረጋጉ፣ እትዬ ቬርና። ፈቃድ አለን።»

«ከማን?»

«ከአባቱ።»

«አባቱማ ምን አለበት! ፊቱ ያስቀመጡለትን ሁሉ ይፈርማል!»

ወይዘሪት ፕሩዊት አንገቷን ደፋች። «ክቡር ፕሬዝዳንት ካላዘዙ እኔ ምን ላድርግ?»

«ልጄን ልኮ የተጣጠፈ ባንዲራ አስታቀፈኝ። አሁን ደግሞ ከኩባያ ጋር ሊቸበችበው ነው? የእጁን ይስጠው!»

ኮርቢት በሩን ከፈተላት። ደረጃውን እየተሳደበች ወረደች።

ቅዳሜ ከተማው በሙሉ ሣሩ ላይ ታጣፊ ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠ። የትምህርት ቤቱ ባንድ ነፋ፣ ደበደበ። የፖም ኬኩ በየሰሃኑ ዞረ። ሃልቨርሰን ከዘራውን ተደግፎ በረንዳው ላይ ቆመና ወረቀቱን ማንበብ ጀመረ። «መስዋዕትነት» የምትለዋን ቃል ደጋግሞ አላት። ከጦርነቱ ወዲህ ይቺን ቃል ያልጠራበት ንግግር አልነበረውም፤ እኛም ማጨብጨብ ለምደናል።

ቬርና ከመጨረሻው ረድፍ ተነሣች። ኮርቢትም ተነሣ።

ወደ ሃልቨርሰን አልሄደችም፤ በጎን በር ወደ ቤቱ ገባች። ስትወጣ ፎቶውን ከነፍሬሙ ታቅፋለች። አሁን ቀጥ ብላ ወደ በረንዳው መጣች።

«ኧረ አስቁሟት! ሰው የለም ወይ?» ጮኸ ፀጉር አስተካካዩ።

አንድ መኪና ሻጭ፣ የጎረምሳ ጡንቻ ያለው ሰውዬ፣ ዘሎ ክንዷን ያዛት። ኮርቢት ደረሰ። የሰውየውን እጅ ወደ ኋላ ጠምዝዞ ሣሩ ላይ ዘረረው።

«እጅህን ሰብስብ!» አለው። «ይለፉ፣ እትዬ።»

ቬርና ከበረንዳው ሥር ቆማ ሃልቨርሰንን ሽቅብ አየችው።

«መስዋዕት መስዋዕት አትበልብኝ። ማን እንደላከው ንገራቸው!»

ሃልቨርሰን ወረቀቱን አየ። ሰውን አየ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አለ። «በአንድ ስልክ ላስቀረው እችል ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ተውኩት።»

«ታዲያ ግድግዳህ ላይ ምን ይሠራል?»

ወይዘሪት ፕሩዊት ልትናገር አፏን ስትከፍት ሃልቨርሰን በከዘራው ዝም አሰኛት። ከዚያ አንድ ደረጃ፣ ሌላም ደረጃ ወርዶ ከቬርና ፊት ቆመ፤ የፎቶውን መስታወት በእጅጌው ጠረገው።

«ልጃችንን ወደ ቤትሽ ውሰጂው፣ ቬርና» አላት ባሏ።