ግራሩ ጋ የተመለሱት በሬዎች

ወዬሳ እንደሚለው፣ ባለፈው ወር የሞቱት አባቱ አቶ ሆራ ከግራሩ ማዶ ያለውን እርሻ ለእሱ ተናዝዘውለታል፤ አምስት ወር ሙሉ ያስታመማቸውም እሱ ነው። ታናሽ ወንድሙ ቡዜ ግን፣ የወዬሳ ድርሻ ግራሩ ጋ እንደሚያበቃና ማዶው የራሱ እንደሆነ አባቱ እንደነገሩት ይናገራል።

ጊዜው 1968 ዓ.ም. ነው። እኔ አዳሚ ቱሉ አጠገብ የዘመትኩ ተማሪ ነበርኩ፤ ለገበሬ ማኅበሩ መሬት እመዘግባለሁ። ሁለቱንም ሰምቼ መፍረድ አቃተኝ።

«ሰው ይዋሻል፤ በሬ አይዋሽም» አሉ ሽማግሌው አቶ ጉደታ። «የሆራን በሬዎች ጥመዱ። እሱ የልጆቹን ድርሻ ለይቶ ሲያርስ ይመለስበት የነበረው ቦታ ላይ ራሳቸው ይመለሳሉ።»

ወንድማማቾቹ ተስማሙ። አቶ ጉደታ ጅራፉን ለእኔ ሰጥተው፣ እርፉን ይዘው ድምፅ ሳያሰሙ ተከተሉ። በሬዎቹ ግራሩ ጋ ሲደርሱ አልቆሙም፤ ሊያልፉት ነው።

«አላልኩህም ቡዜ?» ብሎ ወዬሳ ሳቀ። «በሬ አፍ አውጥቶ እስኪነግርህ ነው የምትጠብቀው?»

ያኔ ግራሩ ሥር ጅራፍ ጮኸ።

«ተመለስ፣ ዳልቻ!» አለ ሻካራ የሽማግሌ ድምፅ።

በሬዎቹ ዞሩ። ግራሩ ሥር ማንም የለም። ጅራፉ አሁንም በእጄ ነው፤ አቶ ጉደታም ከኋላ እርፉን እንደያዙ ናቸው።

ቡዜ አንገቱን ደፋ። ወዬሳ ወደ ግራሩ ተጠጋ።

«አባባ፣ ያጎረስኩዎትና ያጠብኩዎት እኔ አይደለሁም?»

በሬዎቹ ቆመዋል። ድምፁ ግን ደገመው፤ «ተመለስ!»

ወዬሳ ወደ እኔ ዞረ። «ለቡዜ መዝግብለት፣ ዘማቹ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «ተዝካሩን ግን እኔ አልደግስም።»